ጨጓራችንን ማን ላጠው? የአንድ ፓምፕና የአንድ ባክቴሪያ ታሪክ

በቤታችን "ጨጓራ" የአካል ክፍል ስም ብቻ አይደለም፣ የበሽታም ስም ነው። አያቴ "ጨጓራዬ ተነሣብኝ" ስትል ተልባ ይበጠበጣል፣ በርበሬ ይቀራል። የሚያበሳጭ ሰው ደግሞ "ጨጓራዬን ላጠው" ይባላል። ቋንቋችን ጥፋቱን የሚጥለው ብስጭት ላይ ነው። ይህ የአገር ቤት አባባል ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሕክምና ታሪክ ሳነብ ግን የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞችም ለብዙ ዓመታት ከዚህ የራቀ ነገር አልተናገሩም፤ ጭንቀት፣ ቅመም፣ ከሁሉም በላይ አሲድ ይሉ ነበር።

ጨጓራ ውስጥ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንዳለ እንግሊዛዊው ዊልያም ፕራውት ያሳየው በ1820ዎቹ ነው። በ1910 ደግሞ ካርል ሽቫርትስ አሲድ በሌለበት ቁስለት እንደማይኖር ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሕክምናው አሲዱን መዋጋት ሆነ። ሲብስም የጨጓራውን ከፊል ቆርጦ ማውጣት፣ ወይም ወደ ጨጓራ የሚሄደውን ነርቭ መቁረጥ ነበር።

አሲዱን ማን ያመርተዋል የሚለው ግን እስከ 1970ዎቹ በደንብ አልተፈታም። በ1976 ጆርጅ ሳክስና ባልደረቦቹ ከአሳማ ጨጓራ የወሰዱትን የሴል ሽፋን መርምረው (አዎ፣ ከአሳማ) ፓምፑ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩ። ፓምፑ በጨጓራ ግድግዳ ሴሎች ሽፋን ላይ የተተከለ ፕሮቲን ነው። ፕሮቶን ማለት ኤሌክትሮኑን ያጣ ሃይድሮጅን ሲሆን አሲድን አሲድ የሚያደርገው እሱ ነው። ፓምፑ ፕሮቶኑን ወደ ውጭ ይገፋል፣ በምትኩ ፖታሲየም ያስገባል። ሴሉ በሚያፈሰው አሲድ ውስጥ ያለው የፕሮቶን ክምችት በደም ውስጥ ካለው ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። አያቴ ጎንደር እያለች ከወንዝ ውሃ በእንስራ አዝላ ዳገት ትወጣ ነበር። ፓምፑም የሚወጣው ዳገት ነው፤ ጉልበት የሚሆነው ደግሞ ኤቲፒ የሚባለው የሴል ነዳጅ ነው።

ይህን ፓምፕ የሚያቆመው ኦሜፕራዞል በ1979 በስዊድን ተሠርቶ በ1988 ለገበያ ቀረበ። ሁላችንም ቤት ያለው ክኒን ነው። አሠራሩን በጣም እወደዋለሁ። በደም ሲዞር ምንም አያደርግም። አሲድ ያለበት ቦታ ሲደርስ ግን ቅርጹን ይቀይርና ፓምፑ ላይ ይጣበቃል፤ አይለቅም። ሴሉ አዲስ ፓምፕ እስኪሠራ ድረስ ያኛው አለቀለት። የሚጣበቀው ሥራ ላይ ባለ ፓምፕ ብቻ ስለሆነ ነው ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ የሚዋጠው።

ሁሉም አሲዱን ሲያሳድድ፣ በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረን በ1979 ከታመመ ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ አየ። ከወጣቱ ሐኪም ባሪ ማርሻል ጋር ሆነው ሊያራቡት ሞከሩ፣ እምቢ አለ። በ1982 በኢስተር በዓል ምክንያት ናሙናው ከተለመደው በላይ ሲቆይ በቀለ። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያው የተራባበትን ፈሳሽ ጠጣ፤ በቀናት ውስጥም ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል አገኙ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ዩሪያን ወደ አሞኒያ እየቀየረ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያለዝባል፤ በዚያ ነው የሚኖረው። ቁስለት ሁሉ ከእሱ ነው ማለት አይደለም፣ አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎችም ያቆስላሉ። የያዘው ሁሉም አይታመምም። ነገር ግን በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው በልጅነት ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥም በጣም የተስፋፋ ነው። ስለዚህ ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ሳያውቁት ይዘውት መጥተዋል።

አሥራ አራት ዓመቴ ሳለ ቁፓት ሆሊም ለአያቴ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ የትንፋሽ ምርመራ አዘዘና ክኒኑን ከሁለት ሳምንት በፊት እንድታቆም አለ።

"ለምን?" አለችኝ።

"ዶክተሩ ነው ያለው" አልኳት። እኔም አላውቅም ነበር፣ መጠየቅም አፈርኩ።

ሲያቃጥላት ጊዜ ማታ ማታ በድብቅ ትውጠው ኖሯል። ውጤቱ ንጹሕ ነው ተባለ፣ ሕመሙ ግን ቀጠለ። ፓምፑ ሲዘጋ ባክቴሪያው ይመነምናል፣ ዩሪያ መስበሩም ይቀንሳል። ምርመራው የሚለካው ደግሞ ይህንኑ ነው። ክኒኑ ባክቴሪያውን ሳይገድል ደብቆታል ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ሲመጣ ስለ እንስራው፣ ስለ ፓምፑና በአሲዱ ውስጥ ስለተደበቀው ትል በአማርኛ ነገርኳት። ትል አለመሆኑን አውቃለሁ፣ እሷ ግን ትል ነው ያለችው። ሁለቱን ሳምንት እያቃጠላት ቻለችው። ባክቴሪያው ተገኘ፤ ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጋር ያው የፓምፕ ክኒን ተጨምሮ ተሰጣት።

"ያን ጊዜ እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?" አለች። ከሕክምናው በኋላ የተደረገው ምርመራ ንጹሕ ነው። ተልባውን ግን እስካሁን አልተወችም።