የማርስ ወራሪዎች እና የኛ ማይጨው

ባለፈው ሳምንት መብራት ስላልነበረ ስልኬን ከአንዲት ትንሽ ስፒከር ጋር አገናኘሁና ለተማሪዎቼ አንድ የቆየ የራዲዮ ድራማ ከፈትኩላቸው። እንግሊዝኛው ሲከብዳቸው እያቆምኩ በአማርኛ አስረዳቸው ነበር። ሲያልቅ አንዱ ተማሪ ከኋላ ወንበር "ቲቸር፣ ይሄ እኮ ማይጨው ነው!" አለኝ። ይሄን ያጻፈኝ የሱ ንግግር ነው።

ድራማው "የዓለማት ጦርነት" ይባላል። ኦርሰን ዌልስ የተባለ የ23 ዓመት ወጣት ጥቅምት 20 ቀን 1931 ዓ.ም. (ኦክቶበር 30፣ 1938) በአሜሪካው ሲቢኤስ ራዲዮ ከባልደረቦቹ ጋር ያስተላለፈው ነው። ታሪኩ እንግሊዛዊው ኤች ጂ ዌልስ በ1898 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ከማርስ የመጡ ፍጡራን ምድርን ይወራሉ፤ በጨረርና በመርዝ ጭስ ሰውን ይፈጃሉ፤ በመጨረሻ በዓይን በማይታይ ጀርም ያልቃሉ።

ከጥንካሬው ልጀምር። ድራማው ድራማ አይመስልም። የዳንስ ሙዚቃ እየተላለፈ ድንገት ሰበር ዜና ይገባል፤ ሙዚቃው ይመለሳል፤ ደግሞ ይቋረጣል። ፍጡራኑ የሚወርዱበት ግሮቨርስ ሚል ኒው ጀርሲ ውስጥ ያለ እውነተኛ ቦታ ነው። ዘጋቢውን የተጫወተው ፍራንክ ሪዲክ፣ ሂንደንበርግ የተባለችው አየር መርከብ በ1937 እ.ኤ.አ. ስትቃጠል የተቀዳውን የጋዜጠኛ ድምፅ እየሰማ ነው የተዘጋጀው። እሱ እያወራ ድምፁ ይቋረጣል። ከዚያ ዝም። ክፍላችን ውስጥ ያን ጊዜ ወንበር እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ብዙ ሰው ዘግይቶ ስለከፈተው ድራማ መሆኑን አላወቀም፤ የደነገጡም ነበሩ። "አሜሪካ በሙሉ መንገድ ላይ ወጣ" የሚባለው ግን ጋዜጦች ያጋነኑት ነው። የከፋው የደረሰው በ1949 እ.ኤ.አ. ኢኳዶር ውስጥ ነው። የኪቶ ሬዲዮ ያንኑ ታሪክ በራሱ ቋንቋ ሲያስተላልፍ፣ መታለሉን ያወቀው ሕዝብ ጣቢያውን አቃጠለ፤ ሰዎችም ሞቱ። አንዲት ተማሪ "ባሮ ድልድይ ላይ ወረዱ ቢሉን እኛስ አንሮጥም ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። በአንድ የስልክ ወሬ ሱቅ ሲዘጋ ያየን ሰዎች ምን ብለን እንመልስላት?

ድክመቱስ? ዘጋቢው 11 ማይል በአሥር ደቂቃ ደረስኩ ይላል፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጦር ያልቃል፣ ኒው ዮርክም ትወድቃለች። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ በአብዛኛው የአንድ ፕሮፌሰር ለብቻው ማውራት ስለሆነ ይጎትታል። እዚያ ላይ ልጆቼ ማዛጋት ጀመሩ።

ለኔ ትልቁ ድክመት ግን ሌላ ነው። ደራሲው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ "በማርሶች ከመፍረዳችን በፊት እኛስ ምን አደረግን?" የሚል ሐሳብ ያነሳል፤ አውሮፓውያን በታስማኒያ ሕዝብ ላይ ያደረሱትን እልቂትም ያስታውሳል። ማለትም መጽሐፉ ስለ ቅኝ ግዛት ነው። ድራማው ይሄንን ቆርጦ ጣለው። ማሽኑንና ጭሱን ወሰደ፣ ጥያቄውን ተወ።

ጊዜውን አስቡት። ድራማው ሲተላለፍ አገራችን በጣሊያን ወረራ ሥር ናት። ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ የጣሊያን አውሮፕላኖች በተከዜ በኩል የመርዝ ጋዝ ጥለዋል፣ በኋላ ከሰማይ እንደ ዝናብ ረጭተዋል። ወታደሩ፣ ገበሬው፣ ከብቱ፣ ውሃው ተመርዟል። ንጉሡ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው ይህንኑ ለመንግሥታቱ ማኅበር ተናግረዋል። ሰሚ ግን አላገኙም። ጋምቤላም ከጣሊያን እጅ የወጣችው በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ነው፤ ያስለቀቋት ራሳቸው በቅኝ ግዛት ሥር ካለችው ከቤልጂየም ኮንጎ የመጡ ወታደሮች ነበሩ።

እንግዲህ ለአሜሪካኖቹ "የወደፊት ሳይንስ" የሆነው ለአባቶቻችን ያለፈ ዓመት ነበር። የፈጠራው ጭስ የጋዜጣ ፊት ገጽ ያዘ፤ እውነተኛው መርዝ ግን በዲፕሎማሲ ታለፈ።

ድራማውን ስሙት፣ ድምፅ ምን ማድረግ እንደሚችል ታያላችሁ። ግን ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ስሙት፤ ሲያልቅም ማይጨውን ንገሯቸው። የኔ ተማሪ ማንም ሳይነግረው ደርሶበታል። ያን ቀን ማስተማሬን ወደድኩት።

መልካም ሰንበት!