ለከተማ አየር የሚተከል ዛፍ፦ ምን ዓይነት? የትስ?

የባሕር ዳር ጎዳናዎች በዘንባባ ይታወቃሉ። ዘንባባው ለዓይን ያማረ ነው፤ ከሥሩ በባጃጅ ጭስ መካከል ለሚጓዝ እግረኛ ግን የሚሰጠው ከለላ ጥቂት ነው። ቅጠሉ ከአናቱ ላይ ተሰብስቦ ሳለ ጭሱ የሚፈሰው ከታች ነውና።

ከተሽከርካሪ፣ ከማገዶና ከከሰል ከሚወጣው ጭስ ለሳንባ እጅግ ጎጂው ከ2 ነጥብ 5 ማይክሮ ሜትር ያልበለጠው ብናኝ ነው። የሰው ጸጉር ከዚህ ብናኝ 30 እጥፍ ገደማ ይወፍራል። አፍንጫና ጉሮሮ ስለማያግዱት እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይዘልቃል፤ አስምን ያባብሳል፣ ሕፃናትንም ለሳንባ ምች ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ የብናኙ ዓመታዊ አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ቀድሞ የነበረው ወሰን 10 ነበር።

ዛፍ ይህን ብናኝ የሚይዘው በቅጠሉ ገጽ ነው። ሻካራ፣ ጸጉራም ወይም የሚያጣብቅ ቅጠል ከለስላሳው ይልቅ ብዙ ይይዛል፤ ዝናብ ሲጥልም አጥቦ ወደ መሬት ያወርደዋል። አቧራ የሚበረታው በበጋ በመሆኑ በዚያ ወቅት ቅጠሉን የማያረግፍ ተክል ይመረጣል። ወይራና ዝግባ እንዲህ ናቸው። አርሶ አደሩ ለአጥር የሚጠቀምበት ክትክታም ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፤ ቅጠሉም ሲነኩት ይጣበቃል። ችግኝ ጣቢያዎች ለከተማ ጎዳና ቢያስቡት መልካም ነው።

ይሁንና ዛፍ ስለበዛ ብቻ አየር አይጠራም። ግራና ቀኙ በፎቅ በታጠረ ጠባብ መንገድ ቅርንጫፎች ከላይ ከተጋጠሙ፣ ጭሱ መውጫ አጥቶ እግረኛው በሚተነፍስበት ከፍታ ይታፈናል። በዚህ ዓይነት ቦታ በአስፋልቱና በእግረኛው መካከል የሚተከል ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይሻላል። ጥድ ደግሞ በነፋስ የሚበተነው የአበባው ዱቄት አለርጂ ያለበትን ሰው ስለሚያውክ ከትምህርት ቤትና ከጤና ጣቢያ በር ራቅ ቢደረግ ይመረጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ከመኖሪያ ቤት በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ ከግማሽ እስከ አንድ ሔክታር የሚሰፋ አረንጓዴ ቦታ እንዲኖር ይመክራል። በእንዲህ ያለ ቦታ አየሩ የሚሻልበት ዋናው ምክንያት ዛፉ ሳይሆን መኪና አለመግባቱ ነው፤ መናፈሻ ተቆርሶ ማቆሚያ ሲሠራ የሚታጣውም ይኸው ነው።

ከጓሮ የቆመ ወይራ ግን ጭስ ማውጫ በሌለው ማድ ቤት እንጀራ የምትጋግር እናት የምትምገውን ጭስ አይቀንስላትም። እርሷ የሚያስፈልጋት የተሻሻለ ምድጃና ጭስ ማውጫ ነው።