በሕፃናት ማሳደጊያ የልጆች አእምሮ ጤና እንክብካቤ ከየት ተነሣ

በሕፃናት ማሳደጊያ የሚያድጉ ልጆች የአእምሮ ጤና ራሱን የቻለ የጥናትና የእንክብካቤ ጉዳይ ሆኖ መታየት የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። ማሳደጊያዎቹ ግን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሁሉንም ያስጨነቀው ልጁ በሕይወት ይተርፋል ወይስ አይተርፍም የሚለው ነበር። ሞት እንዲህ ቅርብ በሆነበት ቤት ስለ ልጅ ኀዘን የሚጠይቅ አለመኖሩ አያስገርምም። ኀዘኑ ራሱ ልጁን እንደሚጎዳው የታወቀው እጅግ ዘግይቶ ነው።

ጡረታ የወጣው መርከበኛ ቶማስ ኮራም የለንደኑን የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ለማቋቋም የንጉሥ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1739 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ልጆች በ1741 ገቡ። እናቶች ልጃቸውን ሲያስረክቡ ምልክት ይተዉ ነበር፦ የጨርቅ ቁራጭ፣ አዝራር፣ ለሁለት የተሰበረ ሳንቲም። አንድ ቀን ኑሮ ቢቃናላቸውና ቢመለሱ ልጃቸውን የሚለዩት በዚያ ነበር። ማሳደጊያው ለልጁ አዲስ ስም ያወጣለትና ገጠር ላለች አጥቢ ሴት ይሰጠዋል። አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን ወደ ለንደን ይመለሳል፤ እናቴ የሚላት ብቸኛ ሴት ያኔ ትቀርበታለች። ይህ ሁለተኛ ማጣት በዘመኑ እንደ ጉዳት አልተቆጠረም፤ የቤቱ ሥርዓት ነበር። ከ1756 እስከ 1760 ማሳደጊያው የመጣለትን ሕፃን ሁሉ እንዲቀበል በታዘዘበት ጊዜ ወደ 15,000 የሚጠጉ ልጆች ገብተው ሁለት ሦስተኛው ያህል ሞተዋል።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ሲታወቁ ማሳደጊያዎችና የሕፃናት ሆስፒታሎች በንጽሕና ተጠመዱ። አልጋ ከአልጋ ተራራቀ፣ በመካከሉ አንሶላ ተጋረደ፣ ጠያቂ ተከለከለ፣ ልጅ ማቀፍም ተላላፊ በሽታ ያመጣል ተብሎ ተፈራ። በተላላፊ በሽታ የሚሞቱት ቁጥር ቀነሰ። ሆኖም ወተቱን በወጉ እየጠጡ የማይፋፉ፣ የማይስቁ፣ ዝም ብለው ጣሪያ ጣሪያውን የሚያዩ ሕፃናት አሁንም ነበሩ። በኒው ዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም የነበረው ሃሪ ባክዊን እጅን ሁለት ጊዜ ታጥቦ መግባትን የሚያዝዘውን ማስታወቂያ ከበሩ ላይ አንሥቶ፣ ሕፃን ሳያቅፍ ማንም እንዳይገባ የሚል ሌላ አስለጠፈ። እንደተፈራው በሽታው አልተዛመተም፤ ይልቁንም ቀነሰ። ባክዊን ስለ ሕፃናት ብቸኝነት የጻፈውን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1942 አሳተመ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሬኔ ስፒትዝ የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሁለት ቤቶችን አነጻጽሮ ጻፈ። አንደኛው ምግቡና ሕክምናው የተሟላለት፣ ንጹሕ ማሳደጊያ ነበር። ሌላው በሴቶች እስር ቤት ውስጥ ያለ የሕፃናት ክፍል ሲሆን፣ ልጆቹን የሚያሳድጓቸው የታሰሩት እናቶቻቸው ነበሩ። በእስር ቤቱ ያሉት ይጫወታሉ፣ ይድሃሉ፣ አፍ ይፈታሉ። በንጹሑ ማሳደጊያ አንዲት ሞግዚት ስምንት ያህል ሕፃናት ስለሚደርሷት ከማጥባትና ከማጽዳት የሚተርፍ ጊዜ የላትም፤ ልጆቹም መነሣትና መናገር አቃታቸው፣ በሁለት ዓመት ውስጥም ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ሞቱ። የስፒትዝ አሠራር ጉድለት እንዳለበት በ1950ዎቹ በጥብቅ ተተችቷል፤ ትችቱም ተገቢ ነበር። ቢሆንም ሐኪሞች ማሳደጊያን በንጽሕናውና በወተቱ ብቻ መመዘናቸው ከዚህ በኋላ አላዋጣም።

ጉዳቱን ከማየት አልፎ መፍትሔውን በተግባር መሞከር የተጀመረው ቦምብ በሚዘንብባት ለንደን ነው። የሥነ ልቦና ተንታኞቹ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም በጦርነቱ ዓመታት ከወላጆቻቸው ለተለዩ ልጆች በሃምስቴድ መዋያና ማደሪያ ቤቶች አቋቋሙ። መጀመሪያ ላይ ሠራተኞቹ ልጆቹን ሁሉ በጋራ ይንከባከቡ ነበር። በኋላ ልጆቹ አራት አራት ያህል ሆነው «ቤተሰብ» እንዲመሠርቱና እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ እናት እንዲኖረው ተደረገ። ያልተጠበቀ ነገር ተከተለ፤ ጸጥ ያሉት ልጆች መናከስ፣ መቅናት፣ «የኔ ናት» እያሉ መደባደብ ጀመሩ፤ እናታቸው ከክፍሉ ስትወጣ ያለቅሱ ጀመር። ለሥርዓት ብቻ የሚያስብ ኃላፊ ይህን አይቶ ወደ ቀድሞው አሠራር በተመለሰ ነበር። እነርሱ ግን ልጁ የሚቀናውና የሚያለቅሰው የሚያጣው ሰው ስላገኘ መሆኑን ተረዱ። ሁከቱ ሲበርድ የልጆቹ አነጋገርና ንጽሕና መጠበቅ ከቀድሞው ፈጥኖ ተሻሻለ። ጸጥታ የጤንነት ምልክት ላይሆን እንደሚችል፣ ከሞግዚት ሥልጠና ሁሉ ለመቀበል የሚከብደው ይህ ነገር፣ በጉልህ የታየው እዚያ ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ ከቴሬዚን የናዚ ማጎሪያ የተረፉ፣ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ስድስት ልጆች ወደ እንግሊዝ ገጠር መጡ። ወላጆቻቸውን ገና በጨቅላነታቸው ያጡ ናቸው። ለአዋቂ ግድ አልነበራቸውም፤ መጫወቻ ይሰብራሉ፣ ሞግዚቶችን ይማታሉ። እርስ በርሳቸው ግን አይለያዩም ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ቢጎድል የቀሩት የት ሄደ እያሉ ይጨነቃሉ፤ ማዕድ ሲቀርብ አንዱ ከራሱ በፊት ለጓደኛው ያቀብላል። አና ፍሮይድና ልጆቹን የተንከባከበችው ሶፊ ዳን ይህን በ1951 ሲያሳትሙ ልጆች አንዱ ለሌላው መጠጊያ ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳዩ። ወንድምና እኅትን፣ አብረው ያደጉ ጓደኞችንም በየማሳደጊያው መበተን ስሕተት ነው ለሚሉ ይህ ጠንካራ ማስረጃ ሆነ።

በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢ በዓለም ጤና ድርጅት ጥያቄ ያዘጋጀው ዘገባ ታተመ፤ በልጅነት ከእናት ወይም ከምትተካት ሰው ጋር የሚኖር ሞቅ ያለና የማይቋረጥ ግንኙነት ለአእምሮ ጤና መሠረት ነው አለ። ባልደረባው ጄምስ ሮበርትሰን ደግሞ ነገሩን በፊልም አሳየ። ከፊልሞቹ አንዱ እናቱ እስክትወልድ ዘጠኝ ቀን በሕፃናት ማቆያ የቆየ የ17 ወር ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ መጀመሪያ ወደ አንዷ ሞግዚት ይጠጋል፤ ተራዋ አልቆ ትሄዳለች። ወደ ሌላዋ ይጠጋል፤ እሷም ትሄዳለች። ከቀናት በኋላ ትልቅ የጨርቅ ድብ አቅፎ መሬት ላይ ይተኛል። እናቱ ስትመጣ ሊያያት አልፈለገም። ሞግዚቶቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ የሥራ ሰሌዳቸው እንዲህ ነበር።

የሥራ ሰሌዳ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ባርባራ ቲዛርድና ባልደረቦቿ በ1970ዎቹ በቁጥር አሳይተዋል። ያጠኗቸው የእንግሊዝ ማሳደጊያዎች መጻሕፍትና መጫወቻ የሞላባቸው ጥሩ ቤቶች ነበሩ፤ የልጆቹ የቋንቋ ችሎታም ደህና ነበር። ነገር ግን አንድ ልጅ አራት ዓመት ተኩል እስኪሞላው በአማካይ 50 የሚሆኑ ሰዎች ተንከባክበውታል። ሠራተኞቹም ከአንድ ልጅ ጋር በጣም እንዳይቀራረቡ ይመከሩ ነበር፤ ምክንያቱ ልጁን ከመለያየት ሥቃይ ለማዳን ነው። በጎ አሳብ ነበር፤ ውጤቱ ግን ለማንም ሰው የሚሮጥ፣ ከማንም ጋር የማይጸና ልጅ ሆነ። በኋላ ቤተሰብ በጉዲፈቻ የወሰዳቸው አብዛኞቹ ከአዲሶቹ ወላጆቻቸው ጋር መቀራረብ ችለዋል።

ሮማኒያ የዚህ ታሪክ እጅግ አስከፊው ክፍል ናት። የአምባገነኑ ቻውሼስኩ መንግሥት በ1966 ፅንስ ማስወረድን ከለከለ፤ ድሃ ቤተሰቦች ሊያሳድጓቸው ያልቻሉ ልጆች በመንግሥት ማሳደጊያዎች ታጎሩ። በ1989 መጨረሻ አገዛዙ ሲወድቅ በማሳደጊያ የነበሩት ከ100,000 በላይ ነበሩ። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚያና በቡካሬስት 136 ሕፃናትን ይዘው ጥናት ጀመሩ፤ ግማሾቹ በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሄዱ፣ የቀሩት በማሳደጊያ ቆዩ። በ2007 በታተመው ውጤት ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ ዕድገት በልጠው ተገኙ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሄዱት ደግሞ ይበልጥ ተጠቀሙ። ሮማኒያም ውጤቱ ከመታተሙ በፊት፣ በ2004 ባወጣችው ሕግ፣ ከባድ የአካል ጉዳት ከሌለበት በቀር ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ወደ ማሳደጊያ እንዳይገባ ከልክላ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ማሳደጊያ ሁሉ አንድ ነው ማለት ግን አይቻልም። ተመራማሪው ፒተር ዎልፍና ባልደረባው ፍሥሓ በኤርትራ የነጻነት ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሁለት ማሳደጊያዎችን አነጻጽረው ውጤቱን በ1998 አሳትመዋል። በአንደኛው ሠራተኞች ሁሉ በልጆቹ ጉዳይ ይመክራሉ፣ ልጆቹም ከሠራተኞቹ ጋር እየተቀራረቡ ራሳቸውን እንዲችሉ ይበረታታሉ። በሁለተኛው የሚወስነው ዳይሬክተሩ ብቻ ነው፤ ቀኑ በደንብና በሰዓት ሰሌዳ ያልፋል። የመጀመሪያው ማሳደጊያ ልጆች የጭንቀት ምልክቶች በግልጽ ያነሱ ነበሩ። ሁለቱን ቤቶች የለያቸው የአሠራር ጉዳይ እንጂ ገንዘብ አልነበረም።

በኢትዮጵያ ወላጅ ያጣ ልጅ መጠጊያው ከጥንት ጀምሮ አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ ጎረቤት ነበር፤ የጡት ልጅ የማድረግ ልማድና የኦሮሞው ጉዲፈቻም ባዳውን ልጅ የቤት ልጅ ያደርጋሉ። ማሳደጊያዎች የበዙት ድርቅና ጦርነት ዘመድ ከዘመድ ባለያዩባቸው ዓመታት ነው። ከኦስትሪያ የተነሣው የኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደር፣ በየቤቱ አንዲት እናት የምትኖርበት አሠራር፣ እ.ኤ.አ. በ1974 መቀሌ ገባ። አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ከግሸን ማርያም ንግሥ ሲመለሱ በረሃብ ከተጎዳው ወሎ ሁለት ልጆች ይዘው መጡ፤ ማሳደጊያቸው ከዚያ አደገ። በደርግ ዘመን ጦርነት ወላጆቻቸውን የነጠቃቸው ልጆች ያደጉበት የአላጌው ሕፃናት አምባ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቢፈርስም፣ እዚያ ያደጉት «የአምባ ልጆች» እየተባባሉ ይጠያየቃሉ። ከቴሬዚን የመጡት ስድስት ልጆች ያሳዩት ዝምድና እዚህም አለ።

የሙያ ድጋፉ ግን ዘግይቷል። ለአሥርተ ዓመታት የአእምሮ ሕክምና ማለት የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ስለዚህ በማሳደጊያና በጊዜያዊ መጠለያ ያለውን ልጅ የሚረዱት በአብዛኛው ማኅበራዊ ሠራተኛውና ሞግዚቷ ናቸው፦ ሌሊት በቅዠት የሚባንነውን፣ አልጋ የሚያረጥበውን፣ ከትራሱ ሥር ዳቦ የሚደብቀውን ልጅ የሚያዩት እነርሱ ናቸው። ዳቦ የደበቀን ልጅ እንደ ሌባ መቅጣትና ነገም ምግብ እንደሚኖር በየቀኑ ማሳየት፣ ባልሠለጠነችና በሠለጠነች ሞግዚት መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የኢትዮጵያ የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል፤ ልጁ ወደ ወላጁ ወይም ወደ ዘመዱ እንዲመለስ፣ ካልተቻለም በአደራ ወይም በጉዲፈቻ ቤተሰብ እንዲያገኝ ያዝዛል። በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻ በሕግ ሲከለከል የአገር ውስጥ ቤተሰብ አስፈላጊነት ይበልጥ ጨመረ። በዚህም የድጋፉ ሥራ ከማሳደጊያው አጥር ወጥቷል፤ ማኅበራዊ ሠራተኛው ልጁን ካስረከበ በኋላ ቤቱ ድረስ እየሄደ ትምህርቱን፣ እንቅልፉንና ከቤተሰቡ ጋር ያለውን መግባባት መከታተል ይጠበቅበታል።