የጭነት ትራንስፖርት የመስመር ግራፍ

በመኪና፣ በባቡር፣ በመርከብና በቧንቧ የተጓጓዘ ጭነት ከዓመት ዓመት እንዴት እንደተለዋወጠ በመስመር የሚያሳይ ሥዕላዊ መግለጫ። ኢኮኖሚያዊ መረጃን በመስመር ግራፍ በማቅረብ ፈር ቀዳጁ ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1786 ባሳተመው አትላስ የእንግሊዝን የገቢና የወጪ ንግድ በዚህ መልክ አሳይቷል።

ንባቡ ከመለኪያው መጀመር አለበት። ቶን የጭነቱን ክብደት ብቻ ይናገራል፤ ቶን-ኪሎ ሜትር ግን ክብደቱን በርቀቱ ያባዛል። 20 ቶን ሲሚንቶ 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 2,000 ቶን-ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን ሳይለዩ ሩቅ የሚሄድን ባቡር ቅርብ ከሚመላለስ የጭነት መኪና ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

የብሪታንያ ግራፍ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የመኪናው መስመር ከሁሉም በላይ ነው። የሰሜን ባሕር ነዳጅ ከ1975 ጀምሮ መውጣቱ ደግሞ የቧንቧውንና የመርከቡን ድርሻ ከፍ አደረገ። በባቡሩ መስመር ላይ በ1984 ጎልቶ የሚታየው ዝቅታ ከመጋቢት 1984 እስከ መጋቢት 1985 የዘለቀው የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ ውጤት ነው፤ የባቡሩ ዋና ጭነት ከሰል ነበርና። እንዲህ ያለውን «አሽቆለቆለ» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው፤ «በድንገት ወርዶ መልሶ አገገመ» ይባላል።

እንዲህ ያለ ግራፍ ሊቀርብ በሚችልበት፣ አይኤልትስ አካዳሚክ በተባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና፣ ተፈታኙ ግራፉን ቢያንስ በ150 ቃላት ይገልጻል። እዚያ የሚፈለገው የሚታየው ብቻ ነው፤ መንስኤውን መተንተን የትራንስፖርት ባለሙያው ሥራ ነው።