ኬቮርክ ናልባንዲያን

ኬቮርክ ናልባንዲያን «አርባ ልጆች» በመባል የሚታወቀውን የነፋስ መሣሪያ ባንድ ያሠለጠነና የመራ፣ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ አርመናዊ የሙዚቃ መምህር ነው። የተወለደው በኦቶማን ግዛት በዐይንታብ (የዛሬዋ ጋዚያንቴፕ) ነው።

የባንዱ አባላት ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ወጣቶች ነበሩ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም አግኝተዋቸው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ናልባንዲያንም የሙዚቃ መሪያቸው ሆነ። ባንዱ የአገሪቱ የመጀመሪያ መንግሥታዊ ኦርኬስትራ ተደርጎ ይቆጠራል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ጎልቶ የወጣው «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የተሰኘው መዝሙር ነው። ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተሰማ፤ በ1967 ዓ.ም. በሌላ እስኪተካም አገልግሏል። የስደተኛ ዜማ የባለ አገሩ መዝሙር ሆኖ ከአርባ ዓመት በላይ መዝለቁ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም።

የማስተማርና ኦርኬስትራ የመምራት ሥራውን በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በአዲስ አበባ ቀጥሎበታል።