የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ እና የቀጥቃጩ ልጅ

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ልጄ 7ኛ ክፍል ገብታ ሙያና ቴክኒክ የሚባል ትምህርት ጀመረች። ምንድነው እሱ?» ብሎ ጻፈልኝ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመጣ ነው። ግን ለኛ ለአሮጌዎቹ አዲስ አይደለም እኮ! በንጉሡም በደርግም ዘመን «እጅ ሥራ» ነበር። ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑ የቀረው ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ነው።

እኔ አሰላ በ1965 ስማር ማርክ የሚሰጠው ላለቀው ዕቃ ነበር። ማን ሠራው፣ እንዴት ተሠራ የሚል የለም። የኔን መጥረጊያ አጎቴ ሠርቶልኝ 9 ከ10 አገኘሁ።

አንድ የቀጥቃጭ ልጅ አብሮን ይማር ነበር። በአባቱ ወናፍ ራሱ ያበጀውን ትንሽ ማረሻ ይዞ መጣ። ብረቱ ምን ሲመስል ከእሳት እንደሚወጣ፣ ጫፉ ለምን እንደሚሾል ሳይጠየቅ ማስረዳት ጀመረ። ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ቱምቱ!» አለው፤ በኦሮምኛ ቀጥቃጭ ማለት ነው፣ አባባሉ ግን ስድብ ነበር። መምህራችን ማርኩን ጽፎ ዝም አለ።

ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው ያወጁት በ1900 ነው። 65 ዓመት ሙሉ አዋጁ የኛ ክፍል አልደረሰም ማለት ነው።

የሚገርመው ደግሞ በዚያው ከተማ ካዱ ነበር። በ1960 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ማለቴ ነው። የእርሻ መሣሪያ የሚያጠና ክፍል ነበረው፤ የተሻሻለ ማረሻና በሬ የሚስበው ጋሪ ይሞከርበታል። እዚያ መሐንዲስ የሚመራመርበት ማረሻ እኛ ጋ መሳቂያ ሆነ። የስዊድኖቹ አገር ደግሞ እጅ ሥራን በትምህርት ቤት የማስተማር የቆየ ልማድ አለው። ኦቶ ሰሎሞን የሚባል ሰው ከ1870ዎቹ (በፈረንጅ) ጀምሮ ኔስ በሚባል ቦታ ለዚሁ መምህራን ያሠለጥን ነበር። የሱ ሐሳብ ዋናው የሚሠራው ልጅ እንጂ ዕቃው አይደለም የሚል ነው። ይህን እኔ ያነበብኩት አስተማሪ ከሆንኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እኔም ለዕቃው ነበር ማርክ የምሰጠው። የተማራችሁብኝ ይቅር በሉኝ።

ያ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ መጥረጊያ ይዞ መጣ። ከገበያ የተገዛ።

ለተማሪዬ «ዕቃውን አንተ እንዳትሠራላት» ብዬ መለስኩለት። አጎቴን ነፍሱን ይማርና፣ መጥረጊያው ግን ጥሩ ነበር።