ርስት፣ ኑዛዜና ደብተር፦ የውርስ ሥርዓት ታሪክ በምሥራቅ ጎጃም

በመሬት ቅየሳ ሥራ የተሰማራ ባለሙያ ሁሉ አንድ ነገር ሳይውል ሳያድር ይረዳል፤ ይኸውም ወሰን የሚያጣላው ጎረቤትን ብቻ ሳይሆን ወንድምና እኅትንም ጭምር መሆኑን ነው። መሣሪያችን የማሳውን ስፋት በትክክል ይነግረናል፤ ማሳው ከአባት ወደ ማን እንደሚተላለፍ ግን አይነግረንም። ይህ ጽሑፍ በምሥራቅ ጎጃም፣ ይኸውም በየጁቤ፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ፣ ውርስ በምን ዓይነት ሥርዓት ሲመራ እንደ ኖረ በአጭሩ ለመግለጽና ከዚሁ ታሪክ ለእኛ የሚሆን ትምህርት ለመቅሰም የታሰበ ነው።

በጎጃም ርስት ሲባል ተከልሎ የተቀመጠ አንድ ቁራሽ መሬት ብቻ ማለት አልነበረም። አንድ ሰው ከአቅኚው አባት በመወለዱ በዘሩ መሬት ላይ የሚኖረው የመካፈል መብት ጭምር ነበር። መብቱ በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። ነገሩን በሒሳብ ብንመለከተው፣ ሰው ሁሉ ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ እስከ ሰባት ቤት ሲቆጠር ቁጥሩ 128 ይደርሳል። እያንዳንዱ የትውልድ ሐረግ የክርክር በር ሊሆን ይችላል። መሬቱ ባለበት ቆሞ ጠያቂው ግን በየትውልዱ ይበዛል። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በደጋ ዳሞት ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመበት ጊዜ፣ ገበሬው በእጁ የያዘው መሬት ሊጠይቀው ከሚችለው እጅግ ያነሰ መሆኑንና ድርሻውን የሚወስነውም ትውልድ መቁጠሩ፣ ተሰሚነቱና የሙግት ችሎታው ጭምር መሆኑን አስረድቷል። መዝገቡ የሽማግሌዎች ትዝታ፣ መዝጋቢውም የወገኑ ተጠሪ የሆነው ፈጅ ነበር።

ኑዛዜም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ኃጢአትን ለነፍስ አባት መናገርና የንብረትን ነገር ለልጆች መናገር በአንድ ቃል መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚሞተው ሰው በነፍስ አባቱና በሽማግሌዎች ፊት ይናገራል፤ ቃሉን የሚያስከብረውም ፊርማ ሳይሆን ግዝትና የምስክሮች ኅሊና ነበር። ምስክሮቹ ሲያልፉ ግን ማስረጃውም አብሯቸው ያልፋል።

ይህን የትዝታ መዝገብ በመለኪያ ለመተካት የሚደረግ ሙከራ ሁሉ በጎጃም በጥርጣሬ መታየቱ አያስገርምም። በደቡብ የአገራችን ክፍል መሬት በቃላድ ሲለካ ባላገሩ ወደ ጭሰኝነት መውረዱን የጎጃም ባለርስት ያውቅ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣም፣ ግመታው የልኬት መንገድ ጠራጊ ነው፣ ልኬትም ርስት ነቃይ ነው ተብሎ ታመነ። ሞጣና ቢቸና የአመፁ ዋና ማዕከሎች ሆኑ። መንግሥት ጦር እስከማዝመት ቢደርስም በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥውን ለማንሳትና ውዝፍ ግብር ለመማር ተገደደ። ገበሬው የተዋጋው ስለ ግብሩ መጠን ብቻ አልነበረም፤ ለልጆቹ ስለሚያወርሰው መብት ጭምር ነበር።

ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለውርስ አዲስ መልክ ሰጥቶ ነበር። ልጆች ወንድ ሴት ሳይባል በእኩል እንዲወርሱ ደነገገ፤ ኑዛዜንም በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ እጅ የሚጻፍና በቃል የሚደረግ ሲል በሦስት ከፈለ። ሆኖም ይህ ሕግ እንኳ ርስትን ፈጽሞ አላለፈውም። የወራሽነት ክስ በ15 ዓመት ይታገዳል ሲል፣ ከዘር የወረደን የማይንቀሳቀስ ንብረት ከዚህ ለይቶ አስቀርቷል። «በሺህ ዓመቱ ርስት ለባለቤቱ» የሚለው የባላገር አባባል በዘመናዊ ሕግ ውስጥ ጥቂት ስፍራ አግኝቶ ነበር ለማለት ይቻላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የርስት ሥርዓት በሕግ አከተመ። መሬትን በውርስ ማስተላለፍ ተከለከለ፤ ባለይዞታው ሲሞት የትዳር ጓደኛው ወይም አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆቹ፣ እነዚህ ከሌሉ ሌላ ልጁ፣ በመሬቱ እንዲጠቀሙ ብቻ ተፈቀደ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ ብዙ ይዞታዎችን እንደገና አናጋ። በኋላ የወጡት የክልሉ የመሬት አዋጆች፣ ማለትም ቁጥር 133/1998 እና ቁጥር 252/2009፣ የመጠቀም መብት በውርስና በኑዛዜ እንዲተላለፍ ፈቀዱ፤ የባልና የሚስትን ስም በአንድነት የያዘ የይዞታ ደብተርም ለገበሬው ተሰጠ። ትናንት ልኬትን በጦር የመከተ አገር ዛሬ የተለካበትን ደብተር በሣጥን ቆልፎ ያኖራል።

ታዲያ ሙግቱ ቀረን? አልቀረም። በየጁቤ ከተማ የማውቃቸው አዛውንት ባልና ሚስት፣ ቤታቸውንና ከብቶቻቸውን እስከ መጨረሻው ላስታመመቻቸው ልጃቸው በአንድ ወረቀት ላይ ተናዘው፣ ሁለቱም ፈርመው፣ አራት ምስክሮች አስፈርመው አለፉ። ሕጉ ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉትን ኑዛዜ ፈራሽ ያደርጋል። ልጅቱ ዓመታት ከተሟገተች በኋላ ከሌሎቹ ጋር እኩል ተካፈለች፤ ከወንድሞቿ ጋር ግን ዛሬም አትነጋገርም። የወላጆቹ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ የጎደለው ሁለተኛ ወረቀት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት በእኛም ቤት አለ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡ፣ ይህም መፈጸሙና ቀኑ በጽሑፉ ላይ መገለጹ፣ ወዲያውም መፈረሙ ግድ ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም አዋዋይ ሲሆን ሁለት ይበቃሉ። ልጅን ከውርስ የሚነቅል ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ባል ወይም ሚስት ከጋራ ሀብት ግማሹን ይወስዳሉ እንጂ፣ ካልተናዘዙላቸው በቀር በሕግ የሟች ወራሽ አይደሉም። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ደግሞ ሞት መቃረቡ ለተሰማው ሰው የተፈቀደ ሲሆን፣ ተናዛዡ ሦስት ወር ከቆየ ይፈርሳል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር ቢኖር ትዝታም ሆነ ካርታ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። የቀድሞው ሥርዓት ወራሹን እያወቀ ወሰኑን ለክርክር ተወው፤ የዛሬው ወሰኑን አውቆ ወራሹን ለክርክር ይተወዋል። በየቀበሌው ለልኬት የምንሰማራ ባለሙያዎች፣ ደብተሩን ለባለቤቱ ስናስረክብ ስለ ኑዛዜው ጠይቀን የሕግ ባለሙያ እንዲያማክር ብንመክረው፣ ከሙያችን ወሰን አለፍን የሚያሰኝ አይደለም። ምክሩንም ከራሳችን ቤት ብንጀምር መልካም ነው።